ላፕቶፕ ሰክቶ መዋል ባትሪ ይገድላል? መብራት በሚሄድበት ከተማስ ቻርጁን 80 ፐርሰንት ላይ ማቆም ያዋጣል?

ሂሳብ_ሠሪዋ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፣ ዩዝድ ነው የገዛሁት። ማሽኑ ጎበዝ ነው፣ ባትሪው ግን እየደከመብኝ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ጉዱ የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው። ድሮ ግማሽ ቀን ያሠራኝ ነበር፤ አሁን ገና አንድ ሪፖርት ሳልጨርስ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል።

ምክር ስጠይቅ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ነገረኝ። የሸጠልኝ ልጅ «በሳምንት አንዴ ዜሮ እስኪገባ ጨርሺው፣ ከዚያ ሙሉ ሙዪው» አለኝ። ወንድሜ «ከቻርጀር አትንቀዪው፣ ሲሞላ ራሱ ያቆማል» ይላል። የቢሮ ጓደኛዬ ደግሞ «80 ላይ እንዲቆም አድርጊው» ትላለች።

የጓደኛዬ ምክር ደስ ብሎኛል። ግን የወር መጨረሻ ላይ የሂሳብ ፕሮግራሜን ፒችትሪን ከፍቼ ቫት ለማሳወቅ ስጣደፍ መብራት ቢሄድ፣ ያቺ ያልሞላኋት 20 ፐርሰንት አትቆጨኝም? እዚሁ መሀል ከተማ እየኖራችሁ ባትሪያችሁን ያቆያችሁ ካላችሁ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ።

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

ሰላም እህቴ። ስታዲየም አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ይህን የማይጠይቀኝ ደንበኛ ስለሌለ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ጓደኛሽ ልክ ናት። ወንድምሽ ግማሹን ይዟል። የሸጠልሽ ልጅ የነገረሽን ግን ተዪው፤ ለዛሬ ባትሪ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው። ይህን ባትሪ የሚያስረጁት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፣ ሞልቶ መክረም እና ባዶውን መክረም። አለቃቸው ሙቀት ነው። ሁለቱንም የሚያባብሳቸው እሱ ነው።

ባትሪው ውስጥ ያለ አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ከዚያም ያልፋል። መሀል ላይ ሲሆን 3.7 ቮልት አካባቢ ነው። ቮልቱ ከፍ ብሎ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ እየተበላሸ ይሄዳል። የሚሠራው ሊቲየምም እየታሰረ ይቀራል። ሙቀት ሲጨመርበት ይኸው ነገር ይፈጥናል። አንዴ የታሰረው ሊቲየም ደግሞ በምንም ዘዴ አይመለስም። ለዚህ ነው «ባትሪ እናድሳለን» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ የምለው።

ወንድምሽ «ሲሞላ ራሱ ያቆማል» ያለው እውነት ነው። መቆጣጠሪያ ቦርድ አለው፣ ከልኩ አያልፍም። ከሞላ በኋላ ማሽኑ በቀጥታ ከቻርጀሩ ነው የሚሠራው። ችግሩ ሞልቶ መቀመጡ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ 100 ላይ ነው፣ ከአጠገቡ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ይሞቃል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ባትሪው ምንም ሳይሠራበት ያረጃል።

አንዴ «ማውሱ ክሊክ አልል አለ» ተብሎ አንድ ማሽን መጣልኝ። የማውስ ፓዱ በቀኝ በኩል ከፍ ብሏል። ገልብጬ ብሎኖቹን ስፈታ፣ የመጨረሻው ሲላላ ክዳኑ ሳልነካው ብድግ አለ። የባትሪው ከረጢቶች ትራስ መስለው ተነፍተዋል። የፋኑን መውጫ ሳየው አቧራው ተጋግሮ ዘግቶታል፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ስነካው እንደተያያዘ ወጣ። ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ ሰክቶት ነው የሚውለው፣ ለዓመታት ተከፍቶ ተጠርጎ አያውቅም። ማውሱ ደህና ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ማሽኑን ማስጠረግ ነው። ሁለተኛው ገደብ ማብራት ነው። ቲንክፓድ ላይ ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቺ፣ ፓወር የሚለው ውስጥ የባትሪ ቻርጅ ገደብ አለ። 75 ላይ እንዲጀምር፣ 80 ላይ እንዲያቆም አድርጊው። ከዚያ ተሰክቶ ቢውልም አያሳስብሽ።

---

ጡረተኛው_መምህር

ልጆች፣ በዚህ ነገር አልስማማም። እኛ በእጅ የሚያዝ መገናኛ ሬዲዮ ስንሠራበት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ካላወረድነው ይሰንፍ ነበር። ግማሽ ላይ እየሞላህ ከለመደ ግማሽ ላይ ይቆምብሃል። መመሪያውም ላይ የተጻፈ ነገር ነው። አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ትላላችሁ።

---

ኤሌክትሪካል_አራት_ኪሎ

ጋሼ፣ በዚያ ባትሪ ላይ ያሉት ልክ ነው። ያኔ የሚሠሩባቸው ሬዲዮዎች ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ነበር። እሱ «ሜሞሪ» የሚባል ጠባይ ስለነበረው አልፎ አልፎ ሙሉ ማውረድ ይጠቅመው ነበር።

ሊቲየም አዮን ሌላ ነገር ነው። ለገበያ የበቃው በ1991 እ.ኤ.አ. በሶኒ በኩል ነው። መሠረቱን የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃም እና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ይህ ባትሪ ግማሽ ላይ ቢሰካ አይሰንፍም። እንዲያውም በትንሽ በትንሹ ወርዶ ቢሞላ ይመርጣል። ከ60 ወደ 80 መሙላት ከዜሮ ወደ 100 ከመሙላት በብዙ ይሻለዋል።

ዜሮ መግባት ክፉ የሚሆነው በተለይ እንደዚያው ሲቀመጥ ነው። ላፕቶፑ «0» ብሎ ሲጠፋ ትንሽ መጠባበቂያ ይቀራል። ለሳምንታት ሳይሰካ ከከረመ ግን ያቺም ታልቃለች። ቮልቱ ከወሰኑ በታች ሲወርድ መቆጣጠሪያው ለደኅንነት ብሎ ባትሪውን ይቆልፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ሰክተው ቢጠብቁም አይነሳም።

ከድሮው ልማድ አንድ የተረፈ ጥቅም አለ። ቁጥሩ የሚዋሽ ባትሪ ካለ፣ ለምሳሌ 30 ላይ እያለ ድንገት የሚጠፋ፣ አንዴ ሙሉ ሞልቶ አንዴ ሙሉ ማውረድ ቆጣሪውን ያስተካክለዋል። ባትሪውን ግን አያድሰውም። በየሳምንቱ የሚደረግ ነገርም አይደለም።

---

ጡረተኛው_መምህር

ገባኝ፣ ተባረክ። የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ላይ «ጨርሰው፣ ጨርሰው» ስለው ነው የከረምኩት። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።

---

ኤዲተር_ፒያሳ

እኔ ግን እህታችን ያነሳችው ነጥብ አልተመለሰም ባይ ነኝ። ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሬንደር ላይ (ማሽኑ የተቆራረጠውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲያወጣ) እያለሁ መብራት ቢሄድ 20 ፐርሰንት ማለት ሥራዬን ሴቭ አድርጌ፣ ፋይሉን ለደንበኛ ልኬ የምጨርስበት ጊዜ ነው። ባትሪ የተገዛው ለዚህ ቀን ነው። ከዓመታት በኋላ ይድናል ብዬ ዛሬ አልቸገርም። ሁልጊዜ 100 ላይ ነው የማቆየው፣ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ።

---

ኤሌክትሪካል_አራት_ኪሎ

ወንድሜ ኤዲተር፣ ሐሳብህ ይገባኛል። ግን ሂሳቡን አብረን እንየው።

ባትሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ድረ ገጽ ያወጣው ሰንጠረዥ አለ። ባትሪ ለአንድ ዓመት ሲቀመጥ ስንት አቅም ይቀርለታል የሚለውን ያሳያል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ 40 ፐርሰንት ተሞልቶ የተቀመጠው 96 ፐርሰንት አቅሙ ይቀርለታል። ሞልቶ የተቀመጠው 80 ይቀርለታል። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ የመጀመሪያው 85፣ ሞልቶ የከረመው 65 ይሆናል።

እንግዲህ አስበው። አዲስ አበባ አየሩ ለባትሪ የተባረከ ነው፣ በጋውም ቢሆን ብዙ አያቃጥልም። ማሽንህ ውስጥ ያለው አየር ግን የአዲስ አበባ አየር አይደለም። ሬንደር ላይ ሆኖ ፋኑ ሲጮህ ባትሪው 40 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆንን አየሩም ሳሳ ያለ ነው፣ ፋን እንደ ቆላ ከተማ አሟልቶ አያቀዘቅዝም። 100 ላይ ሆኖ፣ ሞቆ፣ በየቀኑ። ያቺ የምትሳሳላት 20 ፐርሰንት ብዙም ሳትቆይ ከአቅሙ ላይ ራሷ ትሄዳለች፣ ያኔ ደግሞ ብትፈልጋትም አትሞላም።

ቮልቱን መቀነስም የሳይክል ዕድሜ ላይ ትልቅ ለውጥ አለው። እዚያው ድረ ገጽ ላይ እስከ 4.20 ቮልት የሚሞላ ሴል 300 እስከ 500 ሳይክል፣ እስከ 4.10 ብቻ የሚሞላው 600 እስከ 1,000 ሳይክል ይሰጣል ይላል። ሳይክል ስንል ሰክቶ መንቀል ማለት አይደለም፤ ተደማምሮ 100 ፐርሰንት ሲጠቀሙበት ነው አንድ የሚቆጠረው። ዛሬ 50፣ ነገ 50 ብትጠቀም አንድ ሳይክል ነው።

---

ኤዲተር_ፒያሳ

ሰንጠረዡን አላየሁትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን የእኔ ሥራ አሁንም ያው ነው። መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ነግሮኝ አይሄድም።

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

ልክ ነህ፣ ነግሮ አይሄድም። ለዚህ ነው ገደቡን ሃይማኖት አታድርጉት የምለው። ገደብ ማለት የዘወትር ልማድ ነው። መብራት እንደሚቋረጥ ማስታወቂያ የወጣ ቀን፣ ክረምት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ የጀመረ ከሰዓት፣ ዴድላይን ያለበት ሌሊት፣ ክፍለ ሀገር የምትወጡበት ጠዋት፣ ገደቡን አንሱና ሙሉ ሙሉት። በዓመት ውስጥ እነዚህ ቀናት ቢደመሩም ባትሪ አይገድሉም። ባትሪ የሚገድለው ምንም በማያስፈልግበት በሌላው ቀን ሁሉ 100 ላይ መተኛቱ ነው።

አንተን በተለይ የምመክርህ ሌላ ነው። ከባድ ሬንደር የሚሠራ ማሽን በባትሪ ብዙም አይቆይም፣ በጣም ይበላል። ከሶኬቱ ጋር ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው ሳጥን) ብታስገባ ላፕቶፑንም ዋይፋዩንም ይይዝልሃል። የላፕቶፕህ ባትሪ ያኔ 80 ላይ ተረጋግቶ መቀመጥ ይችላል።

---

ዶርም_6ኪሎ

ሰላም ወንድሞች፣ እህቶች። ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቀን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነው የማነበው፣ እዚያ ሰክቼ እሠራለሁ። ማታ ግን ዶርም ውስጥ ጠረጴዛ ስለማይበቃን አልጋ ላይ ነው የምጠቀመው። ላፕቶፑ ኤችፒ ነው፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሆኖ ቻርጅ ሲያደርግ ሥሩ ያቃጥላል። ይሄ ምን ያህል ይጎዳዋል? ሁለተኛ፣ የራሴ ቻርጀር 65 ዋት ነው፣ የጓደኛዬ 45 ዋት። የእሱን ብሰካ ባትሪዬን ያበላሻል?

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

ወንድሜ፣ አልጋው ነው ጠላትህ። አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ብርድ ልብሱ ያንን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ሙቀቱ ተመልሶ ባትሪው ላይ ይተኛል። አንድ ጠንካራ ነገር ሥሩ አድርግ። የሥዕል ሰሌዳ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መጽሐፍ፣ ጣውላ ቢሆንም ይበቃል። ቻርጀሩንም ትራስ ሥር አታድርገው።

45 ዋቱ ባትሪህን አያበላሸውም። ማገናኛውና ቮልቱ አንድ ከሆነ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ መሙላት ደግሞ ለባትሪ ጥሩ ነው። ኤችፒ «ቻርጀሩ አነስተኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል፤ ከባድ ሥራ ላይ ከሆንክም ተሰክቶ እያለ ሊወርድ ይችላል። የምፈራልህ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ኮፒ ቻርጀር ነው። ዋት የተጻፈበት ሌላ፣ የሚያወጣው ሌላ ሆኖ ሲግል አይቻለሁ።

---

ሚኪ_ሜክሲኮ

ቲንክፓድ ለሌለን ሰዎች ገደቡ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ይጻፍልን።

---

ኤሌክትሪካል_አራት_ኪሎ

በአጭሩ ልጻፈው። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጭነህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈት የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ትገባለህ። የባትሪ ቻርጅ ማስተካከያ ውስጥ «በአብዛኛው የተሰካ» የሚለውን ትመርጣለህ፣ ወይም ከስንት ጀምሮ ስንት ላይ እንዲያቆም ራስህ ትሰጠዋለህ። ኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ ላይ ኤፍ 10 ነው፤ ባትሪ ኸልዝ ማኔጀር ውስጥ ጤናውን የሚያስቀድመውን ከመረጥክ 80 ላይ ያቆማል። አሱስ ማይአሱስ ፕሮግራም ውስጥ 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ አለው። ኤሰርም በራሱ ፕሮግራም 80 ላይ የሚያቆም አለው።

ማክቡክ ላይ ማሽኑ የአጠቃቀም ልማድህን አጥንቶ 80 ላይ ያዘገየዋል። ግን የሚሠራው ሰዓትህ የተስተካከለ ከሆነ ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ የምትሰካ የምትነቅል ከሆነ ልማዱን ለመያዝ ይቸገራል። በራስህ ቁጥር ማስቆም ከፈለግክ አልዴንቴ የሚባል ፕሮግራም ሰዎች ይጠቀማሉ።

አሮጌ ማሽን ላይ ምንም ገደብ ከሌለ በእጅ ነው። 80 አካባቢ ሲደርስ መንቀል፣ 30 አካባቢ ሲደርስ መስካት። ቁጥሩን እያዩ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ግምት ይበቃል።

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

ሂሳብ ሠሪዋ፣ እስካሁን የአንቺን ባትሪ ትክክለኛ ሁኔታ አላየንም። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቺ። «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘሽ ጻፊ፣ አንድ ቦታ ተዪ፣ ስላሽ አድርጊ፣ «ባትሪሪፖርት» ብለሽ አያይዘሽ ጨርሺና ኢንተር በዪ። አንድ ፋይል ይፈጥርልሻል፣ የት እንዳስቀመጠውም ይነግርሻል። በብራውዘር ይከፈታል። ሲሠራ የነበረውን አቅም፣ አሁን የሚይዘውን እና የሳይክሉን ብዛት ላኪልን። ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱንም።

---

ሂሳብ_ሠሪዋ

ሁለት ባትሪ እንዳለው ዛሬ ነው የሰማሁት! ሪፖርቱ ይኸው።

የመጀመሪያው፦ ሲሠራ 24,000 ሚሊዋት ሰዓት ገደማ፣ አሁን 20,400። ሳይክል 148።

ሁለተኛው፦ ሲሠራ ያው 24,000 ገደማ፣ አሁን 11,300። ሳይክል 612።

ይህ ምን ማለት ነው?

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

ይህ ደስ የሚል ዜና ነው እህቴ። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ነው፣ 85 ፐርሰንት አቅሙ አለ፣ አትንኪው። ያለቀው ሁለተኛው ነው፤ ከኋላ በኩል የሚወልቀው። ከግማሽ በታች ወርዷል። ቲ480 መጀመሪያ የሚጨርሰው ይህን የውጩን ነው፣ ለዚህ ነው ሳይክሉ ሁሉ እሱ ላይ የተከመረው። ቁጥሩ ቁልቁል ሲወርድ የምታዪውም እሱ ነው።

የዚህ ማሽን በረከት የውጩን ለመቀየር ብሎን እንኳን አይፈታም። ገልብጠሽ ከሥር ያሉትን ሁለቱን መያዣዎች ትገፊያለሽ፣ ይወጣል። የውስጡ ቻርጅ ካለው ማሽኑ ሳይጠፋ ነው የሚቀየረው።

አሁን ዋናውን ጥያቄሽን ልመልስ። ለዚህ ማሽን የውጭ ባትሪ በሦስት መጠን ተሠርቷል፤ 24፣ 48 እና 72 ዋት ሰዓት (አንድ ዋት ሰዓት 1,000 ሚሊዋት ሰዓት ነው)። አንቺ ያለሽ ትንሹ ነው። ትልቁን ብትገዢ ከሥር ወጣ ስለሚል ማሽኑን ከኋላ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ አየርም ይገባለታል፣ ክብደት ግን ይጨምራል። ሂሳቡን ለአንቺ መንገር አይገባኝም ግን ይኸው፦ አሁን ሁለቱም 100 ቢሞሉ ያለሽ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ትልቁን ገዝተሽ ሁለቱንም 80 ላይ ብታቆሚያቸው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ይኖርሻል። ከአሁኑ ሙሉ ከእጥፍ በላይ ነው። 80 ላይ ቆመሽም መብራት ሲሄድ ከዛሬው የተሻለ ትሠሪያለሽ።

---

ሂሳብ_ሠሪዋ

ይህን ሂሳብ ራሴ መሥራት ነበረብኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባትሪው ሲገዛ ምን ማየት አለብኝ? ኮፒ እንዳይሸጡልኝ እፈራለሁ።

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

መፍራትሽ ልክ ነው። መጀመሪያ የተሠራበትን ቀን እዪ፣ ተለጥፎበታል። «አዲስ ነው፣ ከካርቶኑ አልወጣም» ይሉሻል፤ ሊቲየም ግን ካርቶኑ ውስጥም ያረጃል። ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ከሆነ ተዪው። የጽሑፉን ጥራት እዪ፣ የፊደል ስህተት ካለበት ኮፒ ነው። በእጅሽ መዝኚው። ባለ 72 ሆኖ ቀለል ካለ ውስጡ ያለው ሴል ሌላ ነው።

ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብተሽ ባትሪ ሪፖርቱን አውጪ። ግን በሪፖርቱ ብቻ አትመኚ፣ ኮፒ ባትሪ ቆጣሪውም ሊዋሽ ይችላል። መመለሻ ቀን በደረሰኝ ላይ አስጽፊ። ቤት ወስደሽ አንዴ ሙሉ ሞልተሽ ሥሪበት። 60 ላይ እያለ ድንገት 10 ከገባ ጊዜው ሳያልፍ መልሺው።

---

ዶርም_6ኪሎ

ይቅርታ ላቋርጥ፣ ያ ያበጠው ባትሪ ያልከው አስፈራኝ። ማበጡ በምን ይታወቃል? ካበጠስ ምን ይደረጋል?

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

የማውስ ፓዱ ከፍ ይላል ወይም ክሊኩ ይደነድናል። ኪቦርዱ መሀሉ ላይ ይነሳል። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። ክዳኑ ሙሉ አይገጥምም። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ አትሰኩት።

ውስጡ ያለው ጋዝ ነው፣ ኤሌክትሮላይቱ ሲበላሽ የሚፈጠር። «ላስተንፍሰው» ብሎ በመርፌ መውጋት የለም! ከተወጋ ሊቀጣጠል ይችላል። አትጫኑት፣ አትጠፉት፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉት። ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡትና በጥንቃቄ ያውጣው። ይህን በጣም አደራ እላለሁ፤ ዶርም ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው።

---

ሚኪ_ሜክሲኮ

መብራት ሲመጣ ባትሪውን ይመታዋል የሚባለውስ? እኛ ቢሮ ሲሄድ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሮጦ ቻርጀሩን ይነቅላል።

---

ኤሌክትሪካል_አራት_ኪሎ

ልማዱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱ ግን ትንሽ ይለያል። ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታነበው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የእኛ 220 ነው። በመጠኑ ከፍ ዝቅ ቢል ችሎ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ያወርደዋል። ስለዚህ ባትሪው በቀጥታ አይመታም። የሚመታው መብራት ሲመለስ ለቅጽበት የሚዘለው ቮልት ነው። እሱ ቻርጀሩን፣ ሲብስ ደግሞ የማሽኑን ቻርጅ ማድረጊያ ክፍል ያቃጥላል። ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።

ዲቫይደሮቻችሁንም እዩዋቸው። አንድ ሶኬት ላይ ዲቫይደር፣ ከእሱ ላይ ሌላ ዲቫይደር፣ ከእሱ ላይ የውሃ ማፍያ ይሰካል። ሲሰካ ጭር ጭር የሚል፣ ወይም ጥርሱ አካባቢ ፕላስቲኩ የጠቆረ ካለ ዛሬውኑ ጣሉት። የላላ ሶኬት በደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ያገናኛል፣ ያቋርጣል፤ ለቻርጀር ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

---

ኤዲተር_ፒያሳ

ዩፒኤሱን አሰብኩበት። ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ። ላፕቶፑንም ለጊዜው 80 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሬንደር ያለኝ ቀን አነሳዋለሁ።

---

ሂሳብ_ሠሪዋ

ማሽኑን አስጠርጌዋለሁ። ፋኑ ውስጥ የነበረውን አቧራ ባያችሁ! ድምፁ ራሱ ቀንሷል። ገደቡንም ቫንቴጅ ላይ አስገብቻለሁ፣ ለሁለቱም ባትሪ 75 እና 80። ባለ 72ቱን የውጭ ባትሪ ደግሞ ቅዳሜ ልገዛ ነው፣ ጓደኛዬ አብራኝ ትሄዳለች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አሮጌውን የውጭ ባትሪ ልጣለው? 11,300 ቢሆንም ለክፉ ቀን አስቀምጬው መብራት ሲሄድ ብቀያይረውስ?

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

ካላበጠ አትጣዪው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠሽ እዪው፣ መሀሉ ከተነሳ ግን አምጪልኝ፣ አብረን እናስወግደዋለን። ደህና ከሆነ 50 ፐርሰንት አካባቢ ሞልተሽ አውጪውና ፀሐይ በማያገኘው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አታድርጊው፣ የብረቱ መገናኛ ቢነካካ አደጋ አለው። በየሁለት ሦስት ወሩ አስገብተሽ ቻርጁን እዪ፣ ከወረደ ወደ 50 መልሺው። የወር መጨረሻ ሲደርስ ሙሉ ሙዪና ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።

---

ሚኪ_ሜክሲኮ

የእኔ ቲ14 ነው። የውጭ ባትሪ አለው?

---

ጠጋኝ_ስታዲየም

የለውም ሚኪ። ቲ14 ውስጡ በብሎን የታሰረ አንድ ባትሪ ብቻ ነው ያለው፣ ለመቀየር የታችኛው ክዳን ይከፈታል። ገደቡን ዛሬ ማታ አስገባው።